ዋጋ ያልነበረው ወረቀት

ኮሚክስ ሲታተም ዕድሜ ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወረቀቱ ከጋዜጣ የማይሻል፣ ማያያዣው ሁለት ሽቦ፣ ዋጋው ለሕፃን ኪስ የተመጠነ። ልጁ ያነበዋል፣ ለጎረቤት ልጅ ያውሰዋል፣ በሌላ ይለውጠዋል፤ ቤት ሲጸዳ ደግሞ ከቆሻሻው ጋር ይወጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ «ወረቀት ለጦርነቱ ይሰብሰብ» ሲባል ልጆቹ ኮሚክሳቸውን በክምር እየተሸከሙ አስረክበዋል። ከጦርነቱ በኋላም ልጅ ያባልጋል ተብሎ በአደባባይ የተቃጠለው ቀላል አይደለም። በ1954 ፍሬድሪክ ዌርተም የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ኮሚክስ የልጆችን ጠባይ ያበላሻል የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ነገሩ ሴኔት ደረሰ፤ አሳታሚዎቹም ደንግጠው በራሳቸው ላይ የሳንሱር ደንብ አቆሙ። (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ነገሩ የእነሱ ነውና።)

ከዚህ ሁሉ ተርፎ የቀረው ነው ዛሬ በሚሊዮን የሚጠራው። ሱፐርማን መጀመሪያ ብቅ ያለበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ1938 ሲወጣ 10 ሳንቲም ነበር። ደራሲው ጄሪ ሲገልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር ገጸ ባሕርይውን ከነመብቱ ያስረከቡት በ130 ዶላር ነው። በ2024 የዚያ መጽሔት አንድ ቅጂ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ሰው ሁሉ «ምነው አንዱ በኖረኝ» ይላል። እኔን የሚናፍቀኝ ግን ዋጋ ያልነበረው ጊዜ ነው።

ኮሚክስን ያወቅኩት ልጅ ሆኜ አይደለም። ጢም አብቅዬ፣ ሱዳን ተሰድጄ፣ ከዚያ ቨርጂኒያ ከገባሁ በኋላ በሰማንያዎቹ ዓመታት ነው። ያኔ ዋሽንግተንና አካባቢው የነበርነው ሐበሾች፣ አገር ቤት የተማረውም ያልተማረውም፣ አብዛኞቻችን ወይ መኪና ማቆሚያ ወይ ሲሸጥ የሚያድር ሱቅ ውስጥ ነበርን። እኔ የደረሰኝ ሱቁ ነው። በሩ አጠገብ ሲያዞሩት ሲጥ ሲጥ የሚል የሽቦ መደርደሪያ ቆሟል፤ ኮሚክሱ እሱ ላይ ነው የሚሰካው። አንዱ 60 ሳንቲም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ሲጋራና ቡና ፈላጊው ሲቀንስ አንዱን መዝዤ ባንኮኒው ላይ እዘረጋለሁ። ንግግሩ ሁሉ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጻፍ ለጀማሪ ዓይን ይመቻል፤ ቃሉ ካልገባህም የሰውየው ፊት ይነግርሃል። የማታ ትምህርት ቤት ያልገባኝን ሰዋስው ያስገባኝ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። መጀመሪያ ሲያዩኝ በጣም አፈሩብኝ።

«አንተ፣ ኮሌጅ ነው ልትገባ ያሰብከው ወይስ አፀደ ሕፃናት?»

ሳይውል ሳያድር ግን ሽፍት ስንቀያየር ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ይጠይቁኝ ጀመር፤ «ያ የሸረሪቱ ልጅ እንዴት ሆነ? አክስቱ ተሻላቸው?» የስፓይደርማን አክስት ሜይ መቼም አይሻላቸውም። ወይ ልባቸው ነው ወይ ሆስፒታል ናቸው። ጋሼ ጀግናው ከማን ጋር ተደባደበ የሚለው ነገር ደንታም አይሰጣቸው፤ ልጁ ያለ አባት ያሳደጉትን አክስቱን እንዴት እንደሚጦር ነበር የሚከታተሉት። ለካ የታሪኩም ጉልበት እዚያ ኖሯል፤ እኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ያልተሸጠው ኮሚክስ አወጋገዱ ለብቻው ነው። በቆየው የመጽሔት ንግድ ልማድ መሠረት ሱቁ ሙሉውን መጽሔት አይመልስም፤ ስሙ ያለበትን የሽፋኑን አናት ቀድዶ ይልካል፣ በእሱ ሒሳቡ ይወራረድለታል፣ የቀረው ገላ ይጣላል። ጋሼ ደግሞ የታተመ ነገር መጣል አይሆንላቸውም። በሕይወታቸው ሙሉ መጽሐፍ ለተማሪ ሲያብቃቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ለቆሻሻ የተለየውን በፌስታል አሥረው «ወስደህ አንብብ፣ ለልጆችም ስጥ» ይሉኛል። እናም የመጀመሪያው ስብስቤ አናት የሌለው ነበር። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው በእግሩም አይነካውም፤ ታሪኩ ግን አንድ ገጽ አልጎደለበትም።

ከዚያ ቀጥሎ የኮሚክስ ሱቅ የሚባል ነገር መኖሩን ሰማሁ። ምድር ቤት ውስጥ የነበረ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ነጫጭ ረጃጅም ካርቶን በረድፍ የተደረደረበት ቤት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣት እስኪጠቁር ድረስ ካርቶን ይበረበራል። አሮጌ የጋዜጣ ወረቀት አሲድ ስላለበት እያደር ቢጫ ይሆናል፣ ጠርዙ ይፈረፈራል፤ የዚያ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ልጆቹ መሬት ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፤ ባለሱቁም አይቆጣም፤ ሲብስበት ብቻ «ይሄ ቤተ መጻሕፍት አይደለም» ይላል፣ ማንም አይሰማውም። የጎደለህን ቁጥር ለማግኘት መላ አሜሪካን በስልክ አታስስም፤ ወይ ካርቶኑ ውስጥ አለ ወይ የለም። ከሌለ ሳምንት ትመጣለህ። አንድ ታሪክ መጨረሻውን ሳላውቅ ዓመት አልፎኛል፤ በሐሳቤ የጨረስኩለት ፍጻሜ በኋላ ካገኘሁት ሳይሻል አይቀርም።

አንድ ቅዳሜ ባለሱቁ ከባንኮኒው ሥር ጥቁር ትልቅ ማኅደር አውጥቶ ከፈተልኝ። የታተመ አይደለም፤ ሠዓሊው ራሱ የሠራበት ገጽ ነው። 11 በ17 ኢንች የሆነ ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ ከመጽሔቱ በጣም የሚሰፋ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም የሚቀባው በሌላ ወረቀት ላይ፣ በሌላ ሰው እጅ ነውና። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሁለተኛው በብሩሽና በብዕር ያጠቁረዋል፣ ሦስተኛው ንግግሩን ይጽፋል። ኅትመቱ ላይ ሁሉም አንድ እጅ ይመስላል። ገጹ ላይ ግን ለየብቻ ይታያሉ፤ ላጲስ ያልጨረሰው እርሳስ፣ የማተሚያ ቤቱ ካሜራ እንዳያየው ተብሎ በውኃ ሰማያዊ የተሰመረ መስመር፣ በነጭ ቀለም የተሸፈነ ስሕተት (ጣት ሲያልፍበት እብጠቱ ይታወቃል)፣ ንግግሩ ተቀይሮ በላዩ የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት፣ ማጣበቂያው ሻይ የመሰለ። በጀርባው የሳንሱሩ ማኅተም ተመቷል። ከታች ጠርዙ ላይ ደግሞ ቀለም የነካው አውራ ጣት አርፏል።

ዋጋው 25 ዶላር ነበር፣ የአንድ ሌሊት ደመወዜ ማለት ነው። የሣለው ዝነኛ አልነበረም፤ ጀግናውም ገጹ ላይ የለም። ሁለት ፖሊሶች ዝናብ ውስጥ ቆመው ያወራሉ፤ በቃ። ባለሱቁ ራሱ «ጀግና ያለበት ብትወስድ አይሻልም?» ብሎኛል። እኔን የያዘኝ ዝናቡ ነው። ሠዓሊው ሰማዩን ካጠቆረው በኋላ ምላጭ አንሥቶ ወረቀቱን ጭሮታል፤ ዝናቡ የተጫረው ነው። በመብራት አግድም ሲያዩት ጭረቱ ተቦርቡሮ ይታያል። ኅትመቱ ላይ ይህ ሁሉ ጥቂት ነጫጭ መስመር ሆኖ ነው የቀረው፤ አንባቢው ገጹን ሲያገላብጥ አሥር ሰከንድ አይቆይበትም። ያንን ያህል ሥራ ለአሥር ሰከንድ! ገጹ አሁንም እኔው ዘንድ አለ።

ለምን እንዲያ ረከሰ ብትሉ፣ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ስለናቁት ነው። የማተሚያ ቤቱ ካሜራ ካነሣው በኋላ ገጹ ሥራውን ጨርሷል። ያ ሁሉ ሥዕል ተጥሏል፣ ተቀዷል፣ ለእንግዳ ማስታወሻ ተሰጥቷል፣ ከመጋዘንም ተሰርቋል። ቢል ጌንስ ብቻ፣ የኢሲ ኮሚክስ ባለቤት፣ ያሳተመውን ገጽ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ቆልፎ አኑሮታል። ሌላው ሠዓሊ የራሱን እጅ ሥራ ለማግኘት መለመን ነበረበት። «ፋንታስቲክ ፎር»ንና «ሐልክ»ን ከስታን ሊ ጋር የፈጠረው ጃክ ከርቢ ከማርቨል ጋር ዓመታት ተሟግቶ በ1987 የተመለሰለት ወደ 2,000 የሚጠጋ ገጽ ነው፤ የሣለው ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር። የቀረው የት እንደገባ ሲጠየቅ ሁሉም ጣራ ጣራ ያያል።

ባለሱቁን አንድ ምሽት አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ከነበሩት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ወሰድኩት። እንጀራውን ሳያይ ግድግዳው ዘንድ ሄዶ ቆመ። እኛ ዞር ብለን የማናየው፣ በየምግብ ቤቱ የሚሰቀለው የንግሥተ ሳባ ሥዕል ነው፤ 44 ሳጥን፣ አራት ረድፍ። ከላይ ከግራ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ያዘ። ዘንዶው ሲመለክ፣ በተመረዘው ፍየል ሲገደል፣ ማክዳ ስትነግሥ፣ ጉዞው፣ የሰሎሞን ግብር፣ ጥማቱና ውኃው፣ ቀለበቱ፣ ምኒልክ፣ ጽላቱ። የአማርኛውን ጽሑፍ አያነብም፤ ታሪኩን ግን አንድም ሳጥን ሳይዘል ደረሰበት። ውኃው ጋ ሲደርስ ሳቀ፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የሳቀው።

«ይሄ እኮ ኮሚክስ ነው» አለኝ። «ኦርጅናል! ማን ነው የሠራው?»

ሥዕሉ ላይ ስም የለም። የምግብ ቤቱን ባለቤት ጠየቅኳት፤ እሷም ከፒያሳ ነው ያስመጣሁት ከማለት በቀር አታውቅም። እነ በላቸው ይመርን የመሰሉ ስማቸው የተረፈ ሠዓሊዎች አሉ፤ የሚበዛው ግን ሣለ፣ ሸጠ፣ ተረሳ። ገዢው ባብዛኛው ፈረንጅ ነበር፤ እየጠቀለለ ወሰደው፣ ዛሬ በየውጭ አገሩ ሙዚየም አለ። በእኛ ቤት ሳሎን ግን ከውጭ የመጣ የፏፏቴ ፖስተር ነው የሚሰቀለው። ባለሱቁ እንጀራው እስኪቀዘቅዝ ሲያይ ቆይቶ ባለቤቷን «ትሸጪዋለሽ?» አላት፤ አልሸጠችለትም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ከሥዕሉ ፊት ያለውን ጠረጴዛ ወደ ጎን አስጠጋችው።

ዋጋው የመጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ሲመጣ ግን ሁሉን ይዞ ሄደ። በ2000 ኮሚክስን መርምሮ ነጥብ ሰጥቶ ድርቅ ባለ ፕላስቲክ የሚያሽግ ድርጅት ተከፈተ። የታሸገ ኮሚክስ አይገለጥም፤ ከገለጥከው ነጥቡ ይሄዳል፣ ከነጥቡ ጋር ገንዘቡ። ሽፋኑን እያየህ ውስጡን ታምናለህ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ወረቀቱን ከጥፋት አድነዋል፣ እኔ ግን እንዲህ ያለ መዳን አይጥመኝም። በ1984 የወጣው «ሲክሬት ዎርስ» ቁጥር 8 በእኔ ሱቅ ሽቦ ላይ በ75 ሳንቲም ተሰክቶ ነበር፤ ስፓይደርማን ጥቁሩን ልብስ የለበሰበት አንድ ኦርጅናል ገጹ በ2022 ከ3.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። ማይክ ዜክ የሚባል ሠዓሊ ነው የሣለው። በ2025 ደግሞ ሰሜን ካሊፎርኒያ ሦስት ወንድማማቾች ከእናታቸው ቤት ጣሪያ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ በታች ያገኙት «ሱፐርማን» ቁጥር 1 በ9.12 ሚሊዮን ተሸጠ። እናትየው ውድ ኮሚክስ አለኝ እያሉ ሲነግሯቸው ኖረዋል አሉ። እናቶች ጣሉት እየተባለ ስንት ዘመን ታሙ!

ያ ምድር ቤት ሱቅ ከተዘጋ ቆይቷል። መደርደሪያውም ከየሱቁ በር ጠፋ፤ በቦታው የስልክ ቻርጀር ተሰቅሏል። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ገጹ ራሱ መቅረቱ ነው። ዛሬ ብዙው ሠዓሊ በስክሪን ላይ ነው የሚሠራው፤ ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ በርካሽ ከዓለም ጫፍ ይላካል። የሚታቀፍ ኦርጅናል ግን የለውም፤ ምላጭም፣ አውራ ጣትም።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስፓይደርማን የተወለደበት የ1962ቱ «አሜዚንግ ፋንታሲ» ቁጥር 15 ኦርጅናል ሥዕል አለ፤ ስቲቭ ዲትኮ የሣላቸው 24 ገጾች። በ2008 ስሙን ያልገለጸ ሰው ነው በነጻ የሰጠው። የአንባቢ ካርድ በነጻ ይወጣል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ማዲሰን ሕንፃ ይኬዳል። ያኔ ገጽ የሚሣለው ከኋለኛው በሰፋ ወረቀት ላይ ስለነበር ግዝፈቱ ያስደነግጣል። በአንዱ ጠርዝ ላይ አርታኢው በእርሳስ ማስታወሻ ጽፏል፤ መኪናው ክዳን ይኑረው፣ እጅ በመስኮት አይውጣ፣ ልጆቹ በግዴለሽነት የሚነዱ እንዳይመስሉ።

ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን ልጄን ይዤ ሄድኩ። እሷም ትሥላለች፣ በታብሌት ነው። ነጭ ቀለም የተቀባው ቦታ ላይ ብዙ ቆየች። ስንወጣ አንድ ገጽ በወረቀት ላይ ሣይልኝ አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! ወረቀት ላይ ስሳሳት በምን እመልሰዋለሁ?»

«እንደ ሰውዬው በነጭ ቀለም ትሸፍኝዋለሽ።»

የት እንደሚሸጥ ጠየቀችኝ፤ እዚያው ደረጃው ላይ ስልኳን አውጥታ ትፈልግ ጀመር።