ጎመን በጤና

በእኛ ሰፈር እንደ አጥር ክርክር የሚረዝም ነገር የለም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እማኝ ይቆጠራል፤ አጥሩ ግን ሌሊት ሌሊት አንድ ክንድ ይራመዳል። የዚህን አመል የዘር ሐረግ ፍለጋ ታሪክ ሳገላብጥ ኬፕታውን ደረስኩ።

እዚያ ነገሩ የተጀመረው በጎመን ነው። የሆላንዱ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከበኞች ወደ እስያ ሲጓዙ ለወራት ቅጠል ሳይቀምሱ እየከረሙ፣ ስከርቪ የሚባል በሽታ ድዳቸውን እያደማ ይጨርሳቸው ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1652 ያን ቫን ሪቤክ ዘጠና ያህል ሰው ይዞ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ፣ ኬፕ በሚባለው ስፍራ፣ ወረደ። ትእዛዙ ምሽግ እንዲሠራ፣ አትክልት እንዲያለማና ከኮይ ከብት አርቢዎች ከብት እንዲገዛ ነበር። አገር ያዝ ያለው የለም። (ሰውየው ቀደም ሲል ለኪሱ ሲነግድ ተደርሶበት ከእስያ የተጠራ ነው፤ ኬፕ ስሙን የሚያድስበት ሆነለት።)

ጎመኑ ያዘ። ስንዴው ግን በነፋስ ተመታ። በ1657 ኩባንያው ጥቂት ሠራተኞቹን ከውል ፈትቶ በሊስቤክ ወንዝ ዳር መሬት አደላቸው፤ በዓመቱም ባሪያዎች በመርከብ አስመጣ። ወንዙ ዳር የኮይ ከብት የሚግጥበት መሬት ነው። ከብት መዘራረፉ ባሰ፤ በ1659 ጦርነት ሆነ። የኮይዎቹ መሪ ዶማን የኩባንያው አስተርጓሚ ሆኖ እስያ ውስጥ እስካለችው ባታቪያ ድረስ የሄደ ሰው ነበርና የነጮቹን ጠመንጃ ጠባይ ያውቃል፤ ዝናብ ሲጥል እየጠበቀ ወጋቸው። የረጠበ ጠመንጃ አይተኩስማ!

በ1660 ለእርቅ ተቀመጡ። ኮይዎቹ «እኛ ሆላንድ ብንመጣ እንዲህ እንድናደርግ ትፈቅዱልን ነበር ወይ?» ብለው እንደጠየቁ ቫን ሪቤክ ራሱ በዕለት መዝገቡ አስፍሯል። መልሱ፣ መሬቱን በጦርነት አጥታችኋል የሚል ነበር። እንግዲያው ሥር እንድንቆፍርና አልሞንድ የሚመስለውን መራራ የዱር ፍሬ እንድንለቅም ፍቀድልን አሉት፤ የክረምት ስንቃቸው ነው። ይህንንም ከለከለ። አንዱ ምክንያት፣ በዚያ ሰበብ ጉዳት ያደርሱብናል የሚል ነው። ሌላውን ሳነብ መጽሐፉን አስቀመጥኩ፤ ፍሬውን እነሱን ለሚያግደው አጥር መትከያ ይፈልገዋል።

የጎረቤትን ቀለብ ዘርቶ ጎረቤትን ማጠር! የእኛ ሰፈር አጥር ገፊዎች፣ ይቅር ይበላቸውና፣ ጀማሪዎች ናቸው።

አጥሩ በዚያው ዓመት ተተከለ። ከብት እንዳይነዳበት ታስቦ ነበር፤ ብዙም አላገደም። ሰፋሪዎቹ ራሳቸው አልፈውት ወደ ውስጥ ዘለቁ። ከአጥሩ የተረፈው ዛሬም በኪርስተንቦሽ የዕፅዋት ማዕከል ለምልሞ ይታያል፣ በቅርስነትም የተጠበቀ ነው። ኬፕታውን የደረሰ ሰው ይየው። ፍሬውን ግን ጥሬውን እንዳይቀምስ፤ ኮይዎቹ ዘፍዝፈውና አብስለው ይበሉት የነበረው መርዝ ስላለው ነው።