ከገርጂ ሳንወጣ ቦሌ ላይ ሰባት ጊዜ ወደቅን

ታዲያላችሁ፣ ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ሰባት ጊዜ ተከስክሼ፣ ማታ በሚኒባስ በሰላም ቤቴ ገባሁ። አትደንግጡ! አውሮፕላኑ ያለው ገርጂ፣ ጀለሴ ቤት፣ ከአልጋው አጠገብ በተቀመጠ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው።

ጀለሴ ፓይለት መሆን የሚያምረው ልጅ ነው። «ያምረዋል» ስላችሁ ቀላል አይምሰላችሁ። ለበረራ ትምህርት ሁለቴ አመልክቶ ሁለቴም ዓይኑ አላሳለፈውም። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ መሪና የእግር ፔዳል ገዝቶ በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ይበራል። ጨዋታው መጀመሪያ የወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም ግን ከሳተላይት በተነሳ ፎቶ የተሠራ ስለሆነ የሰፈራችሁን የቆርቆሮ ጣሪያ ሳይቀር ያሳያችኋል።

ቦታው ራሱ ይፈትናል

«ዛሬ ባለ ሁለት ሞተር ትነዳለህ» አለኝ። ቢችክራፍት ባሮን የምትባል ስድስት ወንበር ያላት አውሮፕላን ነች። ሁለቱ ሞተሮች እያንዳንዳቸው 300 የፈረስ ጉልበት አላቸው። እኔም በሆዴ «ሁለት ካለኝ፣ አንዱ ቢጠፋ በሌላው እሄዳለሁ» አልኩ። አይ የኔ ነገር!

ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆምን። በስተሰሜን እንጦጦ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ይታያሉ። ስንቴ ዘመድ ልንሸኝ የሄድንበት ቦሌ፣ ከፓይለቱ ወንበር ሲያዩት ሌላ አገር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ7,600 ጫማ፣ ማለትም ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ሞተሩ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ክንፉም በቂ አየር ለማግኘት በፍጥነት መሮጥ አለበት። ሰዓቱ 85 ኖት ሲል፣ መሬት ላይ የምትሮጡት ወደ 100 ኖት ይጠጋል። ማኮብኮቢያው ወደ 3,800 ሜትር የተዘረጋው ለጌጥ አይደለም።

የመጀመሪያ ስህተቴ ነዳጁ ላይ ነበር። ሚክስቸር የሚባለውን ማንሻ ሙሉ በሙሉ ገፍቼ ተነሳሁ። ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ሳለ። ቦሌን በመሰለ ከፍታ ላይ ከመነሳታችሁ በፊት ነዳጁን ማሳነስ አለባችሁ፤ አለዚያ የቀረችውንም ጉልበት ትገድሏታላችሁ።

የቦዘነ እግር፣ የሞተ ሞተር

በሁለተኛው ሙከራ ልክ መሬት እንደለቀቅን ጀለሴ በኪቦርዱ የግራውን ሞተር አጠፋብኝ። እናንተዬ! አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ወደ ግራ ጠመዘዘች። የግራው መጥፋቱ ደግሞ ይብሳል። ፕሮፔለሮቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ የቀኙ ሞተር ግፊት ከመሐል ይርቃል፣ ጠምዝዞ የመጣል አቅሙም ይበረታል።

እኔ ምን አደረግሁ? እንደማንኛውም ሰው ፈራሁና መሪውን ወደ ራሴ ሳብኩት። ፍጥነቷ ከ84 ኖት በታች ወረደ። ከዚያ በታች ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ብትረግጡትም አፍንጫዋን ቀጥ አድርጎ አይይዝም። በጀርባዋ ተገልብጣ ወረደች። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንዲሁ።

ጀለሴ አልሳቀም። «ስማ» አለኝ፣ «መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ፣ ሰማያዊውን መስመር ያዝ፣ 101 ኖት። ቀጥ ለማድረግ የትኛው እግርህ ይረግጣል? ቀኝ። ስለዚህ የቦዘነው ግራ እግርህ ነው፤ የሞተውም የግራ ሞተር ነው። ጥፋተኛውን ሳታጣራ ማንሻ አትንካ፣ ደህነኛውን ታጠፋዋለህ። ካረጋገጥክ በኋላ የሞተውን ፕሮፔለር ምላጩን ከነፋሱ ጋር አስተካክለው። ከዚያ ክንፍህን ወደ ደህነኛው ሞተር ትንሽ ዘንበል፣ ከአምስት ዲግሪ ሳታልፍ።»

አምስተኛው ላይ ሁሉንም በትክክል ሠራሁ። ቀጥ ብዬ… ቀስ እያልኩ ወረድኩ! ምን አለፋችሁ፣ አንድ ሞተር ሲጠፋ የሚጠፋው ግማሹ ጉልበት ቢሆንም፣ ከመውጣት አቅም ግን ሰማንያ ከመቶና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ባሮን ሙሉ ጭነት ይዛ በአንድ ሞተር ልትደርስበት የምትችለው ከፍታ 7,300 ጫማ ገደማ ነው። ቦሌ ደግሞ መሬቱ ራሱ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ መድኃኒቱ ያለው ከመነሳት በፊት ነው፤ ነዳጅና ሰው መቀነስ፣ ማለዳ በብርድ መነሳት፣ ማኮብኮቢያ ላይ ሳላችሁ አንዱ ቢጠፋ ደግሞ ሁለቱንም ስሮትል ዘግቶ ፍሬን መያዝ።

ከባሕር ዳር እስከ ሉክላ

ይህ የልጅ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በመስከረም 1981 ዓ.ም. (1988 እ.ኤ.አ.) ከባሕር ዳር የተነሳ ባለ ሁለት ሞተር ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ገጥሞት ሁለቱም ሞተሮች ተጎዱ። ለመመለስ ሲሞክር መሬት ላይ ወደቀ። ከ104 ሰዎች 35ቱ አለፉ። ዛሬ የአየር መንገድ ፓይለቶች የሞተር መጥፋትን ደጋግመው የሚለማመዱት በሲሙሌተር ነው። እዚያ የሚሞት ሰው የለም።

ከባሕር ዳር ቀጥሎ ወደ ኔፓል፣ ወደ ሉክላ ወሰደኝ። የኤቨረስት ተጓዦች የሚያርፉበት መንደር ነው። ማኮብኮቢያው 527 ሜትር ብቻ፣ ቦታው ከ2,800 ሜትር በላይ፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ከመቶ አሥራ ሁለት ገደማ። በቱዊን ኦተር ቁልቁል ትንደረደራላችሁ፣ ጫፉ ገደል ነው። ቦሌ ላይ ሐሳብን ለመቀየር ቦታ አለ፤ ሉክላ ላይ ግን ፍሬኑን ከመልቀቃችሁ በፊት ወስናችሁ መጨረስ አለባችሁ።

ስሮትሉን መዝጋት

ቦሌ ተመለስን። ስድስተኛው ላይ ገና ጎማዋ መሬት ሳይለቅ ሞተሩ ጠፋ። ግን ገፋሁበት። ወደቅሁ። ሰባተኛውም እንዲሁ።

«ለምንድን ነው የማትዘጋው? ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ አለህ እኮ!» አለኝ።

«አሳፈረኝ» አልኩት፣ እውነቴን ነው።

ዝም አለ። ቆይቶ፣ እናቱ እንዳይሰሙ ድምፁን ቀንሶ፣ «እማዬ ይህንን ቤት ሸጣ ውጭ አገር የበረራ ትምህርት ቤት ልትልከኝ ነበር። ገዢ ሁሉ አግኝታለች» አለኝ።

«እና?»

«ዓይኔ ያው ዓይኔ ነው። ትምህርቱን ብጨርስስ ማን ይቀጥረኛል? ባለፈው ሳምንት አይሆንም አልኳት። አልቅሳለች። የአውሮፕላን ጥገና ለመማር ተመዝግቤያለሁ።»

ምን እንደምለው ጠፋኝ። እናቱ በዚያው ሰዓት «ልጆች፣ ቡናው ደርሷል» ብለው ተጣሩ። ጀለሴ ግን «አንዴ ብቻ» ብሎ እኔን ከወንበሩ አስነሳና ተቀመጠ። ሞተር አጥፋብኝ አለኝ። 70 ኖት ላይ አጠፋሁበት። ሳያመነታ ሁለቱንም ስሮትል ዘጋ፣ ፔዳሉን ረገጠ፣ አውሮፕላኗ መሐል መስመሩን ሳትለቅ ቆመች። ከፊት ለፊቷ ገና ብዙ ማኮብኮቢያ ቀርቷት ነበር።

ከዚያ ቡና ጠጣን፣ እስከ ሦስተኛው። ቤቱም አልተሸጠም። ቸር እንሰንብት!