በሕይወት ታሪኳ ላይ የሕመሟ ስም ይነበብ

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ የሟቿን ትውልድ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ደግነትና የልጆቿን ቁጥር አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ሞቷ ላይ ሲደርስ ግን «ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ» ብሎ ያልፋል። በጡት ካንሰር ያጣናቸውን እናቶች፣ እህቶችና ሚስቶች በእውነት ማክበር ከፈለግን ይህን ልማድ መተው አለብን ብዬ አምናለሁ። በሽታው በስሙ ይጠራ። ለቀብር ከተሰበሰቡት መካከል ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ለማንም ያልተናገረች ሴት ልትኖር ትችላለች፤ ሟቿ ለእሷ የምትተውላት ትልቁ ነገር ይህ እውቀት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670 ሺህ ሰዎችም ሞተዋል። በሀብታም አገሮች ከታማሚዎቹ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ በደቡብ አፍሪካ ግን 40 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ልዩነቱን በዋናነት የሚፈጥሩት በሽታው የሚታወቅበት ጊዜና ሕክምናውን የመጨረስ ዕድል ናቸው። በእኛም አገር ሴቶችን ከሌሎች ካንሰሮች ሁሉ በላይ የሚያጠቃው ይኸው ሲሆን፣ ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ከተስፋፋ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ያላመመ ነገር ደግሞ አያስቸኩልም። ይህን ያልሰማች ሴት ብትዘገይ አይፈረድባትም።

በስም መጥራት ሕይወት እንደሚያድን የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ማድረጋቸው በግልጽ ሲነገር፣ ብዙ ሴቶች ለምርመራ ወጡ። ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጩት የኔልሰን ሮክፌለር ባለቤትም ራሳቸውን ፈትሸው እብጠት ያገኙት በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱም ከዚያ በኋላ አሥርት ዓመታት ኖረዋል። በአገራችንም ልጃቸው በሉኪሚያ (በደም ካንሰር) የሞተባቸው ወላጆች በ1996 ዓ.ም በስሙ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። የልጁ ስም ዛሬ ለብዙ ሕሙማን መጠጊያ ሆኗል፤ ሐዘናቸውን ቢደብቁት ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

«የሟቿ ገመና ነው» የሚሉ ይኖራሉ። በሕይወት ሳለች አይነገርብኝ ካለች ቃሏ ይከበር። ፈቃዷ ሳይጠየቅ በልማድ ብቻ ሲሸፈን ግን ሕመሟን እንደ ነውር መቁጠር ይሆናል፤ ካንሰር ደግሞ ነውር አይደለም። «ሴት ልጆቿ ይፈረጃሉ» የሚለው ስጋት ይበልጥ ከባድ ነው። ነገር ግን ከወላጅ በተወረሰ የዘረመል ለውጥ የሚመጣው የጡት ካንሰር ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ብቻ ነው። ልጆቿ ከእነዚህ ወገን ቢሆኑ ደግሞ ክትትል ቀድመው መጀመር ስላለባቸው፣ ከሁሉ አስቀድሞ እውነቱን ማወቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው።

«ሕክምናው ሳይኖር ማወቁ ምን ይፈይዳል?» የሚለውን ጥያቄ በቀላሉ አላልፈውም። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውም ወራት ይፈጅ ነበር። ቢሆንም ትንሽ ሳለ የተገኘ እብጠት ቀለል ባለ ሕክምና የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዝምታው ደግሞ እጥረቱን ራሱን ያባብሳል፤ በስሙ ያልተጠራ ሞት ለማንም ባለሥልጣን ጥያቄ ሆኖ አይቀርብም።

ተዝካሩና ሙት ዓመቱ ይቅር አልልም፤ የነፍስ ጉዳይ ናቸው። ዳሩ ግን ከድግሱ ወጪ ጥቂቱ ተቀንሶ ለአንዲት ታማሚ መድኃኒት ወይም ከገጠር ለምትመጣ የመሳፈሪያ ገንዘብ ቢሆን ለሟቿ ምጽዋት ነው። እድሮችም በዓመት አንድ ቀን ነርስ ጋብዘው በጡት ወይም በብብት ሥር የሚወጣ እብጠትን፣ የቆዳ መሰርጎድንና ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ወይም ፈሳሽን ለአባሎቻቸው ያስረዱ። ጸበል የምትጠመቅ እህት ጸበሏን ሳትተው ሐኪምም ዘንድ ትሂድ። እናንተም በጡት ካንሰር ያጣችሁት ሰው ካለ፣ ቤተሰብ ከፈቀደ፣ በሚቀጥለው ሙት ዓመት ስሟንና ሕመሟን አብራችሁ ተናገሩ፤ ለሚሰሟችሁም ሴቶች ምልክቱን ንገሯቸው።