የቡና ጠባቂዎች ሰማይ

በእኛ ልጅነት፣ ካፋ ውስጥ፣ ጊምቦ ወረዳ፣ የቡና ወራት ማለት ውጭ ማደር ማለት ነበር። ቀን የተለቀመው ቡና ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ሲመሽ ከጤዛ በላስቲክ ይሸፈናል፣ ከሌባ ደግሞ ሰው ይጠብቀዋል። ተረኞቹ አጎቴና እኔ ነበርን። ረመጥ ውስጥ ስኳር ድንች ቀብረን፣ ጋቢ ተከናንበን፣ በጀርባችን ተንጋለን እናነጋለን። ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብ የሚከርመው የካፋ ሰማይ ገለጥ የሚለው ያኔ ነው።

አጎቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ጥያቄያቸው ግን ማለቂያ አልነበረውም። አንድ ሌሊት «ይኼ ሁሉ ኮከብ ቀን የት ይገባል?» አሉኝ። መምህሬን ጠይቄ፣ የትም እንደማይሄድ፣ የፀሐይ ብርሃን እንደሚያጠፋብን ነገርኳቸው። «እንግዲያው አሁንም አለ በለኛ!» ብለው፣ ያን ቀን ቡና ሲለቅሙ በጠራራ ፀሐይ ደጋግመው ቀና ይሉ ነበር። ሴቶቹ ዝናብ የፈሩ መስሏቸው ላስቲክ ፍለጋ ሮጡ።

ዛሬ በሰፈራችን ብዙው ሰው እሸቱን ቀን በቀን ለመፈልፈያ ጣቢያ አስረክቦ፣ ብሩን ይዞ ቤቱ ይተኛል። ደግ አደረገ፤ ብርድና ሌባ የሚናፍቅ የለም። ከሌሊቱ ጋር አብሮ የሄደውን ግን ማንም በሚዛን አላስቀመጠውም። እኔም አዲስ አበባ ገብቼ ደመወዝተኛ ከሆንኩ ወዲህ ሰማይ የማየው መብራት ሲጠፋ ነው።

በሰማይ መደነቅን ለመቁጠር የሞከሩ ግን አሉ፤ ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2014 እ.ኤ.አ. ባደረገው ትልቅ ጥናት፣ ሰዎች በጽንፈ ዓለሙ በጥልቅ የሚደነቁት በየስንት ጊዜው እንደሆነ ጠይቆ መልሱን በገቢ ጭምር ከፋፍሎታል። በየሳምንቱ? በወር አንድ ሁለቴ? በዓመት ጥቂት ጊዜ? አጎቴ ቢጠየቁ ኖሮ ከአማራጮቹ አንዱንም አይመርጡም፤ «ቡና በደረሰ ቁጥር» ይሉ ነበር። ገቢያቸውም የሚታወቀው ያኔ ነው።

ቡናና ሰማይ በኋላ በስምም ተገናኙ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ባመጠቀችበት በዚያው ሳምንት፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አንድ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረው ግዙፍ ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተብለው በኢትዮጵያ ስም መሰየማቸውን ይፋ አደረገ። ኮከቡ 200 የብርሃን ዓመት ግድም ይርቃል። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ ጉዞ ሲጀምር ካፋ ገና በራሷ ንጉሥ ትተዳደር ነበር። የሚገኘው አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ነው፤ ይህ ስብስብ ደግሞ በእኛ አገር አምሽቶ ከፍ ብሎ የሚታየው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ልክ በቡና ጥበቃችን ወቅት ነው። ለካ እኛ ቡና ስንጠብቅ ቡናም ከላያችን ነበር! ብቻ በዓይን አይታይም፤ ቢያንስ አቅርቦ ማሳያ መነጽር ይፈልጋል። ቡና ለቃሚ ደግሞ ያንን ከየት ያመጣል?

ባለፈው ቦንጋ ስሄድ ነገሩን ለአጎቴ አጫወትኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁት «ለስሙ ለካፋ ስንት ከፈሉ?» ብለው ነው። ተሳሳቅን። ቆየት ብለው ግን «አቦል ካለች፣ ቶናና በረካስ?» አሉ። ስም የወጣላት አቦል ብቻ እንደሆነች ነገርኳቸው።

«ይፈልጉ እንጂ!» አሉ ቆጣ ብለው፤ «እንግዳ በአቦል ብቻ ይሸኛል እንዴ?»