ድስት ሳትገዛ አንብበው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እናትህ ስለ ጸሎትና ስለ ጓደኛ መክራሃለች፤ አጎትህ ስለ ገንዘብ። ለእኔ የቀረኝ ድስት ነው። አትሳቅ። አዲስ አበባ ብቻህን ተከራይተህ ልትኖር ነው፤ ማታ ማታ ምግብ ቤት የለመደ ሰው ደግሞ ደሞዙ ወሩን አያደርሰውም። ሾርባ መሥራት የሚያውቅ በጥቂት አጥንትና በአንድ እፍኝ የተከካ ገብስ ሁለት ማታ ይበላል።

ሳይንስ ሳስተምር የኖርኩ ነኝና ከእሳቱ ልጀምር። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠረፍ ነው። በእኛ ቆላ፣ ተከዜ ዳር ባለው አበርገሌ፣ 96 ገደማ ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚያ 92 ላይ ይንተከተካል። ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምርበት ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። አበርገሌ ላይ እንደ ልብ የሚበስለው የፍየል አጥንት እዚያ አልበስል ብሎ ቢያስቸግርህ ሥጋ ሻጩን አትማው፤ ጥፋቱ የከፍታው ነው። ሽምብራና ባቄላም እንደዚያው ናቸው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ የምትገዛ ከሆነ ፕሬሸር ኩከር ግዛ። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ በደጋ እንኳ ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ዕቃው መጀመሪያም የተፈለሰፈው ለአጥንት ነው፤ ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 አጥንት ለማለስለስ ብሎ ሠራው፤ እንዳይፈነዳም እንፋሎት ማስተንፈሻ አበጀለት። ለአንተ አምስት ሊትሩ ይበቃል፤ እንግዳ ቢመጣም አያሳፍርም። ስትገዛ መቀመጫው ወፍራም መሆኑን በእጅህ መዝነህ እይ፤ ክዳኑን ደጋግመህ ክፈት፣ ዝጋ። ባለሱቁን ለዚያው ዓይነት መለዋወጫ ጎማ እንዳለው ጠይቀው፤ ከሌለው ዋጋው ቢረክስም ተወው። ጎማው ሲደርቅ እንፋሎት ያስወጣል፤ መተኪያ ከሌለው ድስቱ ዋጋ የለውም።

አጠቃቀሙን ልድገምልህ፣ የምፈራው እሱን ነውና። ከሁለት ሦስተኛ በላይ አትሙላው። ምስር፣ አተር ወይም አጃ ከሆነ ከግማሽ አታሳልፍ፤ አረፋው ማስተንፈሻውን ይደፍነዋል። ከእሳት አውርደህ እንፋሎቱ ጨርሶ ሳይወጣ ክዳኑን እንዳትነካ፤ የቸኮለ ሰው ፊቱን ይቃጠላል።

ስድስት ሰባት ድስት በአንድ ካርቶን የሚሸጡትን እለፋቸው፤ አብዛኞቹ ስስ ናቸው፣ ሾርባ ሥራቸው ላይ ያርርባቸዋል። ከአሮጌ ብረታ ብረት ቀልጦ በእጅ የሚሠራውን አሉሚኒየምም አልወድልህም። በካሜሩን እንዲህ ባሉ ድስቶች ላይ የተደረገ ጥናት እርሳስ ወደ ምግቡ እንደሚለቁ አሳይቷል፤ ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ሲሆን ይብሳል። ርካሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይቅር።

ገንዘብ ሲተርፍህ ቀጨኔ ሄደህ ከሸክላ ሠሪዎቹ እናቶች አንድ የሸክላ ድስት ግዛ። ለምስር ሾርባ እንደ እሱ ያለ የለም፤ ከወረደም በኋላ ለረጅም ጊዜ ይንተከተካል። ሳይሟሽ ግን እንዳትጥደው፣ የሚስማማውም የከሰል እሳት ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ መቀመጫው ብቻ ግሎ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የቀረው ቀላል ነው፤ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ፣ የእንጨት ማማሰያ፣ አጥንቱን የምታጠልበት ወንፊት፣ አንድ ጥሩ ቢላ። ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ የምትወቅጥበትን ትንሽ ሙቀጫ እናትህ ሻንጣህ ውስጥ ከታለች፤ ከብዶኛል ብለህ እንዳታወጣው። የጁስ መፍጫ አያስፈልግህም። ትኩስ ሾርባ ሲገባበት ክዳኑን ያስፈነጥረዋል፤ ምስሩን በጭልፋ ጀርባ ብትጨፈልቀው ይበቃል።

እንግዲህ የመጀመሪያ ደሞዝህን ስትቀበል ስልክ ከመቀየርህ በፊት ድስቱን ግዛ፤ መለዋወጫ ጎማውንም አብረህ።

አባትህ