መቼ ወለድክ ላላችሁኝ ዘመዶቼ

ዛሬ ስለ አንድ ሥዕል ላጫውታችሁ ነው። ረዘም ይላል፤ ዳታ ያላችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካኩማ ታሪክ ሳስተምር ለፎርም ሦስቶች በስልኬ አንድ ሥዕል አሳየኋቸው። ሠዓሊው ዣን ሌዮን ዤሮም የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በፈረንጆች 1868 እና 1869 የሠራው ሲሆን አሁን ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ሥዕሉ ላይ ያለው ጥቁር ሰው ነው። ወደ ሮዝ የሚያደላ የሐር ልብስ ለብሷል፤ ጨርቁ ከማማሩ የተነሣ እጅ ሰዶ መንካት ያሰኛል። ራሱ ላይ ትልቅ ጥምጥም፣ ትከሻው ላይ ጠመንጃ። ፊቱ ኩሩ ነው፤ የልመና ነገር የለበትም።

የሥዕሉ ስም «ባሺ ባዙክ» ይባላል። ቱርክኛ ነው፤ ራስ የሌለው፣ አለቃ የሌለው እንደ ማለት። ኦቶማኖች ያለ ደመወዝ ያዘምቷቸው ለነበሩ፣ በዘረፋ ለሚኖሩ ወታደሮች የወጣ ስም ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ወታደር ያንን ሐር ለብሶ ይዋጋል? ዤሮም ከምሥራቅ ጉዞው ያመጣውን ልብስ ፓሪስ ስቱዲዮው ውስጥ ለአንድ ሰው አልብሶ ነው የሳለው።

ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የሰውየው ስም ማነው?»

የሠዓሊው ስም ተጽፏል፣ የእሱ ግን አልተጻፈም አልኳት። አንዱ «እኛ እናውጣለት» ሲል «እናቱ ያወጣችለት አለው እኮ!» ብላ ተቆጣች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ሳቄ አልመጣም።

የዛሬ አራት ዓመት አንድ ፎቶ አንሺ ከጎብኚዎች ጋር መጥቶ ነበር። የማን እንደነበሩ ይቅር። መምህር ፎቶ ይነሣል ስለተባለ ሸሚዜን በከሰል ካውያ ተኩሼ፣ ከጎረቤት ኮት ተውሼ ሄድኩ። ኮቱን አውልቅ ተባልኩ። ጠመኔውንም አስቀምጥ። ከግድግዳው ሥር አፈር ላይ አስቀመጡኝና ሁለት የሠፈር ልጆች አጠገቤ አደረጉ። ማንም አላስገደደኝም፤ እንግዳ ናቸው ብዬ እሺ አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከወራት በኋላ ፎቶው ወጣ። ከሥሩ «ከጦርነት የሸሸ አባት ከልጆቹ ጋር» ይላል። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ አይቶ ለቤተሰብ ላከው። እማዬ ደወለች፤ «ልጄ፣ ሳትነግረኝ ወለድክ?» አይደለም ብላት ማን ይመነኝ፣ ፎቶው አለ! ይባስ ብላ ሁለት ትናንሽ የሀገር ልብስ አሰፍታ፣ ለመንገደኛ አስይዛ ላከችልኝ። ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልኝ ብቻ አልኳት።

እማዬ፣ ይህን እህቴ ታነብልሻለች። ልጅ የለኝም። ልብሶቹን ለእነዚያ ሁለት ልጆች ሰጥቻቸዋለሁ፤ ልክ ሆነዋቸዋል። እውነቱን አስረግጬ ያልነገርኩሽ ደስታሽን ማፍረስ አቅቶኝ ነው። ይቅር በይኝ።

እዚህ ያላችሁ ደግሞ፣ በቅርቡ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሏል። ካሜራ የያዘ ሰው ሲመጣ ከሥዕሉ በታች ምን ብሎ እንደሚጽፍ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ለደኅንነታችሁ ስማችሁ እንዳይወጣ የምትፈልጉ አላችሁ፤ እሱንም ንገሩት። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጠየቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ውስጥ አብረን እንጽፋለን። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፣ እኔ ጋ ያለው አንድ ነው።