ለእናቶቻችን የሚሆን የስፖርት ዜና

ስልክ በከፈታችሁ ቁጥር አንድ የስፖርት ዜና አታጡም። በ30 ቀን ደረት የሚያወጣ እንቅስቃሴ፣ አዲስ የፕሮቲን ዱቄት፣ እገሌ ስንት ኪሎ አነሳ። የማሠለጥናቸው ልጆችም ይህንኑ ይዘው ይመጡና «አሠልጣኝ፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። ከፊሉ እውነት ነው። በወሎ ለምንኖር ለእኛ ለውርጌሳ ሰዎች የሚበጀው ዋናው ዜና ግን የወጣው በሰኔ 1982 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስካሁን ወደ ሰፈራችን አልገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦስተን ውስጥ ማሪያ ፊያታሮኒ የተባለች ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በመጦሪያ የሚኖሩ 10 አረጋውያንን ክብደት ታስነሳ ጀመር። አማካይ ዕድሜያቸው 90 ነበር። 8 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ በእግራቸው አነሱ። እንዳይጎዱ ተብሎም አልቀለለላቸውም፤ አንዴ ብቻ ማንሳት ከሚችሉት ክብደት ወደ 80 በመቶው ድረስ አደረሷቸው። እስከ መጨረሻው የዘለቁት የጭን ጡንቻቸው አቅም በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በ90 ዓመት! እኛ ደግሞ 55 የሞላቸውን እናት ገና ሲነሱ አይተን «ይቀመጡ፣ ይረፉ» እንላለን። ፍቅራችን ነው፣ ግን ጡንቻ የሚሟሽሸው በመቀመጥ ነው።

ይህን ሳወራ ሁሌ የሚመጣብኝ መልስ አንድ ነው፦ «የገጠር ሰው ሲሠራ ይውላል፣ ደግሞ ምን ስፖርት ያስፈልገዋል?»

ሥራ ያደክማል፤ የደከመ ሁሉ ግን ሠለጠነ ማለት አይደለም። ሥልጠና ጭነቱ በልክ እየጨመረ ይሄዳል፣ በመሐሉ ዕረፍት አለው፣ መላ ሰውነትንም ያዳርሳል። ውሃ የምትቀዳ ሴት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ታዝላለች። በ20 ዓመቷ 20 ኪሎ ነው፣ በ50 ዓመቷም ያው 20 ኪሎ ነው። ሰውነት የለመደውን ጭነት ብቻ ሲያገኝ የሚጠነክርበት ምክንያት የለውም። ዕረፍት ስለሌለው ግን ወገብና ጉልበት ይታመማል። አጫጁም ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ይውላል፤ እጁን ከራሱ በላይ አድርጎ የሚገፋበት ሥራ ስንት ቀን ያገኛል?

አቅም መሸሽ መጀመሩ የት እንደሚታወቅ ልንገራችሁ። መስጊድ ከሱጁድ ሲነሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ከስግደት ሲነሱ ነው። መጀመሪያ እጅ መሬት ይደገፋል፣ ቀጥሎ ጉልበት ይያዛል፣ በመጨረሻ ወንበር ይፈለጋል። ብዙው ሰው «ዕድሜ ነው» ብሎ ይተወዋል። ከፊሉ ዕድሜ ነው፤ ከፊሉ ግን ያልሠራ ጭን ነው።

ቤት ውስጥ መለካት ትችላላችሁ። 43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። እጅ ደረት ላይ ይጣመር፤ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነስተው ሙሉ በሙሉ እንደቆሙ ቁጠሩ። ከ60 እስከ 64 ዓመት ለሆናት ሴት ከ12 በታች፣ ለወንድ ከ14 በታች ከሆነ አቅሙ ከእኩዮቻቸው ዝቅ ብሏል።

መድኃኒቱ ያው መነሳትና መቀመጡ ነው። ዝቅ ብሎ መነሳት ለሚከብዳቸው ወንበሩ ላይ ጋቢ አጥፋችሁ ከፍ አድርጉላቸው። 8 ወይም 10 ጊዜ፣ ትንሽ አረፍ ብሎ እንደገና። ሲቀል ጋቢውን አንሱ። እሱም ሲቀል ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በትንሽ ውሃ ጀምራችሁ ደረታቸው ላይ ይቀፉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ በየሳምንቱ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየለካችሁ መጨመር ትችላላችሁ። ከተማ ያለ ጂም ከዚህ የረቀቀ ሚዛን አይሰጣችሁም። ሲነሱ ትንፋሽ አይያዝ፤ ወደ ውጭ ይተንፍሱ። ደረት የሚወጋቸው፣ የሚያዞራቸው ወይም ግፊታቸው ያልተስተካከለ ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታዩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ጡንቻ የሚያጠናክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይመክራል፤ 65 ላለፋቸው ደግሞ ሚዛን መጠበቅንና ጉልበትን የሚያጣምር ሥራ 3 ቀን ይጨምርላቸዋል። ሩጫም እርምጃም ይህን አይተካም። በ2009 ዓ.ም. የወልዲያ ስታዲየም ሲከፈት ሁላችንም ስፖርተኛ የሆንን መስሎን ነበር፤ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ሜዳ ቢኖረንም ተመልካች ጡንቻ አያወጣም።

«ጾም ላይስ?» ትሉኛላችሁ። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምም ረመዳንም የገቡት በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ በወሎ ቤት ሁሉም ጾመኛ ነበር። ያገኙትን ጉልበት ለማቆየት ለመገንባት ከሚፈጀው ያነሰ ሥራ ይበቃል። ስለዚህ ክብደቱን ሳትቀንሱ ድግግሞሹን ቀንሱ። የረመዳን ጾመኛ ከኢፍጣር በኋላ ይሥራ። የሁዳዴ ጾመኛ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን ጠንከር አድርጎ ይብላ፤ ከእንጀራ ጋር ሲሆን ፕሮቲኑ ይሟላል። የፕሮቲን ዱቄቱ ማስታወቂያ ይቆያችሁ።

ጎረምሶች፣ የመጨረሻው ቃል ለእናንተ ነው። ስኳት አሠራር ታውቃላችሁ፣ እናታችሁ ግን ያስተማራቸው የለም። በሳምንት 2 ቀን፣ 15 ደቂቃ ስጧቸው። «ሰው ምን ይለኛል» ቢሉ በር ዝጉና አብራችሁ ሥሩ፤ አብሽሩ በሏቸው። ዛሬ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተነሱ ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉ። ከ8 ሳምንት በኋላ ሁለተኛውን ቁጥር ጻፉና ሁለቱንም ከዚህ ጽሑፍ ሥር አስቀምጡልኝ። የወረዳችን የስፖርት ዜና እሱ ይሆናል።